የደም ምርመራ ውጤትዎ ከእርስዎ አልፎ ለሌላውም ይተርፋል

ወደ ጤና ተቋም ሄደው ደም፣ ሽንት ወይም አክታ ሲሰጡ የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው። ሐኪሙ በሽታዎን እንዲያውቅና የሚስማማዎትን መድኃኒት እንዲያዝልዎ ይፈልጋሉ። ውጤቱ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ እጅዎ ሲገባ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ያው ውጤት በላቦራቶሪው መዝገብ ወይም ኮምፒዩተር ላይ ይቀራል። አጠገብዎ ተሰልፎ የነበረው ሰው ውጤትም፣ ትናንት በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣው ሕፃን ውጤትም፣ ከአምስት ዓመት በፊት የተመረመረችው ነፍሰ ጡር ውጤትም እዚያው አሉ። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲነበቡ አንድ ሐኪም በአንድ ታካሚ ላይ ሊያየው የማይችለውን ነገር ያሳያሉ። የትኛው በሽታ እየጨመረ ነው? በየትኛው ወር? በየትኛው ቀበሌ? የምንጠቀምበት መመርመሪያ በሽታውን በትክክል እያገኘው ነው?

ሆስፒታሎቻችንና ጤና ጣቢያዎቻችን በየቀኑ የሚያከማቹት ይህ የላቦራቶሪ መረጃ ለሕክምና ምርምር መዋል አለበት። የዚህ ጽሑፍ አቋም ይኸው ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮች መሟላት ይኖርባቸዋል፤ መረጃው የሚታመን መሆን አለበት፣ የባለቤቱም ምስጢር መጠበቅ አለበት። ሁለቱም በጤና ባለሙያው ብቻ የሚሟሉ አይደሉም። እርስዎ ታካሚውም ድርሻ አለዎት።

ማንኩሽን ለአብነት

ማንኩሽ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው ሞቃታማ ቆላና የሱዳን ድንበርተኛ ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም የሚገኘው በዚሁ ወረዳ ነው። ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ተጀመረ፤ የመጀመሪያው የውኃ ሙሌት በሐምሌ 2012 ዓ.ም ተከናወነ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመረቀ። ዛሬ ንጋት ሐይቅ ብለን የምንጠራው፣ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ የሚይዘው ሐይቅ ከጥቂት ዓመታት በፊት አልነበረም።

ግድቡ ለአገር የሚሰጠው ጥቅም ታውቋል፤ ሁላችንም ከኪሳችን ያዋጣንበት ነው። ለጤና ባለሙያ ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያነሳል። በሞቃት አካባቢ አዲስ ሐይቅ ሲፈጠር የወባ ነገር ምን ይሆናል?

ጥያቄው ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1999 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በትግራይ በተሠሩ አነስተኛ ግድቦች አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናትን ራቅ ብለው ከሚኖሩት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከግድቡ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉት ሕፃናት ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት በ7 እጥፍ ገደማ በወባ ይያዙ እንደነበር አሳየ። ከአጥኚዎቹ አንዱ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ዶክተር ቴድሮስ አድሐኖም ናቸው። እ.ኤ.አ በ2015 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ሰለሞን ክብረትና ባልደረቦቹ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ቢያንስ 1 ነጥብ 1 ሚሊዮን የወባ ሕመም በየዓመቱ ከግድቦች ጋር እንደሚያያዝ አሰሉ።

ይህ ማለት በማንኩሽም የግድ እንዲያ ይሆናል ማለት አይደለም። የሐይቁ ዳርቻ አቀማመጥ፣ የውኃው ከፍታ መውጣትና መውረድ፣ የአጎበር ሥርጭት፣ የቤት ውስጥ ኬሚካል ርጭት፣ የሰው አሰፋፈር ሁሉም ለውጥ ያመጣሉ። ልክ ስለዚህ ነው በግምት ሳይሆን በመረጃ መመለስ ያለበት። መረጃው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከሐምሌ 2012 ዓ.ም በፊት እና በኋላ በአካባቢው ጤና ተቋማት ደማቸው በማይክሮስኮፕ የታየ ወይም በፈጣን መመርመሪያ የተፈተሸ ሰዎች ውጤት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። ከሙሌቱ በኋላ ያለውን መረጃ ዛሬም ነገም መሰብሰብ ይቻላል። ከሙሌቱ በፊት የነበረው ግን እንደገና አይገኝም። ያለው በዚያን ጊዜ በእጅ በተጻፉት የላቦራቶሪ መዝገቦች ላይ ብቻ ነው። መዝገብ ሲሞላ ወደ መጋዘን ይገባል፤ በቆላ አገር መጋዘን ደግሞ ምስጥ አለ፣ እርጥበት አለ፣ ቢሮ ሲቀየር የሚጣል ወረቀት አለ። በመተከል ዞን በቅርብ ዓመታት የነበረው የፀጥታ ችግርም በጤና ተቋማት ላይ ጉዳት አድርሷል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የተጻፈውም ቢሆን የሚወረሰው የሚጠብቀው ሲኖር ነው።

ከመዝገብ ምን ሊገኝ ይችላል?

«የድሮ መዝገብ ገልጦ ምን ይገኛል?» የሚል ሊኖር ይችላል። በዚያን ጊዜ በሰሜን ጎንደር ሥር በነበረው ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ የተሠራውን ሥራ እንመልከት። እ.ኤ.አ ከ2002 እስከ 2011 ባሉት አስር ዓመታት በጤና ጣቢያው 59 ሺህ 208 የወባ የደም ምርመራዎች ተደርገው ነበር። ተመራማሪዎች የእነዚህን ምርመራዎች መዝገብ አጥንተው 23 ሺህ 473ቱ፣ ማለትም 39 ነጥብ 6 በመቶው ወባ የተገኘባቸው መሆኑን እ.ኤ.አ በ2012 አሳተሙ። በየትኛው ዓመት ከፍ እንዳለ፣ በየትኛው ወቅት እንደሚበረታ፣ የትኛው የወባ ዓይነት እንደሚያመዝን ከዚያው መዝገብ ወጣ። አዲስ ደም አልተቀዳም፤ አዲስ መሣሪያም አልተገዛም። የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ለዓመታት በትዕግሥት የጻፉት ረድፍ ነው ለጥናት የበቃው።

ሁለተኛው አብነት ስለ «ጤናማ መጠን» ነው። በውጤት ወረቀትዎ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ «ከዚህ እስከዚህ ጤናማ ነው» የሚል ወሰን ያያሉ። ያ ወሰን በአብዛኛው የተወሰደው በሌላ አገር ሰዎች ላይ ከተሠራ ጥናት ወይም ከመሣሪያው አምራች ነው። እ.ኤ.አ በ1994 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በቫይረሱ ያልተያዙ ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ደም ሲመረምር የሲ ዲ 4 ሕዋስ ቁጥራቸው ከኔዘርላንድስ ሰዎች ዝቅ ያለ ሆኖ አገኘው። ሰዎቹ አልታመሙም፤ ወሰኑ ነው ለእኛ ያልተለካው። የሂሞግሎቢን መጠንም እንዲሁ ከባሕር ወለል ከፍታ ጋር ይለያያል። ለደጋው ሰው የሚሠራ ወሰን ለጉባ ቆላ እንዳለ አይሠራም። የየአካባቢው ላቦራቶሪ መረጃ በሥርዓት ቢጠና የራሳችንን ወሰን እንድናወጣ መንገድ ይከፍታል።

ሦስተኛው አብነት በቀጥታ ሕይወትን የሚነካ ነው። በብዙ ጤና ተቋማት የሚሠራበት ፈጣን የወባ መመርመሪያ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን በመፈለግ ይሠራል። ይሁንና ያንን ፕሮቲን የሚያመርተው ዘረ መል የጎደላቸው ተውሳኮች አሉ። እንዲህ ያለ ተውሳክ የያዘው ሰው ወባ እያመመው መመርመሪያው «የለም» ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ በ2021 የታተመና በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ክልሎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ በዚህ ምክንያት ከፋልሲፓረም ወባ ሕሙማን ወደ 10 በመቶ የሚጠጉት በፈጣን መመርመሪያው ሊታለፉ እንደሚችሉ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በዚህ ምክንያት የሚታለፉት ከ5 በመቶ ከበለጡ መመርመሪያው እንዲቀየር ይመክራል።

ከአማራ ክልልና ከሱዳን ጋር ለሚዋሰነው የመተከል ዞን ነዋሪ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የችግሩ የመጀመሪያ ፍንጭ ሊታይ የሚችለው ደግሞ በላቦራቶሪ ነው። የአንድ ሰው የፈጣን መመርመሪያ ውጤትና የማይክሮስኮፕ ውጤት ጎን ለጎን ተመዝግበው ሲለያዩ፣ ልዩነቱም ሲደጋገም «ይህ ነገር ይጣራ» የሚል ምልክት ይሰጣሉ። በእርግጥ ልዩነቱ በሙቀት ከተበላሸ መመርመሪያ ወይም ከባለሙያ ስህተት ሊመጣ ይችላል። ማጣራት የሚያስፈልገውም ስለዚሁ ነው። ሁለቱ ውጤቶች በተለያየ መዝገብ ተጽፈው ማንም ካላገናኛቸው ግን ምልክቱም አይታይም። እ.ኤ.አ በ2024 በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን ስናስታውስ፣ ትንሽ የመቶኛ ልዩነት ስንት ሰው እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ኮምፒዩተሩ ምን ይጨምራል?

የላቦራቶሪ መረጃ ሥርዓት የሚባለው የምርመራ ትዕዛዙን፣ የናሙናውን መለያ ቁጥር፣ ከመሣሪያው የወጣውን ውጤት፣ ውጤቱን ያረጋገጠውን ባለሙያና ሰዓቱን በአንድ ላይ የሚይዝ የኮምፒዩተር አሠራር ነው። ናሙና እንዳይቀያየር፣ ውጤት እንዳይጠፋ፣ ሐኪሙም ቶሎ እንዲያገኘው ይረዳል። የጤና ሚኒስቴር «የመረጃ አብዮት» ብሎ ከያዘው ሥራ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው።

ለምርምር ሲውል ደግሞ ሌላ ጥቅም ይሰጣል። በእጅ ሲገለጥ ወራት የሚፈጅ መዝገብ በአጭር ጊዜ ይጠራል። ለአንድ ጥናት የሚስማሙ ታካሚዎች ሲመጡ ባለሙያውን ያስታውሳል። ሕክምና የጀመረ ሰው ውጤት ከወር ወር እንዴት እንደተለወጠ ያሳያል። በደም ወይም በቁስል ናሙና ላይ የተገኙ ባክቴሪያዎች ለየትኛው መድኃኒት እንደተለማመዱ ለመከታተል በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት ሁኔት የተባለ ፕሮግራም በነፃ የሚሰጥ ነው። የተመሠረተውም በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ላቦራቶሪው ለታካሚው ብሎ የሠራውን ምርመራ ለሕዝብ ጤና ክትትልም ማዋል።

ነገር ግን አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ሥርዓቱ የተሠራው ውጤትን ለሐኪም ለማድረስ እንጂ ለጥናት አይደለም። ኮምፒዩተር የተሳሳተ ነገር ከገባበት የተሳሳተውን በፍጥነት መልሶ ከመስጠት ውጭ ሌላ ተአምር የለውም።

መረጃው ሊያሳስት የሚችልባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስና የአባት ስም ነው የምንጽፈው። ፊደላችን ደግሞ ለአንድ ድምፅ ከአንድ በላይ ምልክት አለው። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ሲል ሌላው «ጸሃይ» ይላል። ለሰው ያው ናት፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ሴቶች ናቸው። የጉሙዝ ወይም የበርታ ስም በሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ሲጻፍ ልዩነቱ ይብሳል። እንዲህ ሲሆን ሦስት ጊዜ የተመረመረ አንድ ሰው እንደ ሦስት በሽተኛ ይቆጠራል፤ ወባ ያገረሸበትም አዲስ የተያዘ ይመስላል።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። በዚያው በመተከል ዞን ማንኩሽ የጉባ፣ ማንቡክ ደግሞ የዳንጉር ወረዳ ከተሞች ናቸው። በችኮላ የተጻፈ አንድ ፊደል በሽተኛን ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ያሻግራል። ለወርቅ ቁፋሮ፣ ለእርሻ ወይም ለግንባታ ሥራ ከሌላ አካባቢ የመጣ ሠራተኛ «ከየት?» ሲባል «ማንኩሽ» ካለ፣ ከመጣ ሦስት ቀኑ ይሁን ሦስት ዓመቱ መዝገቡ አያውቅም። ወባው የት እንደያዘው ለማወቅ ግን ዋናው ነገር ይህ ነው።

ሁለተኛው ቀንና ሰዓት ነው። መዝገቡ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል፤ መሣሪያው በአውሮፓ አቆጣጠር ያትማል። በዓመት ውስጥ ልዩነቱ አንዴ 7፣ አንዴ 8 ይሆናል። ጠዋት 2 ሰዓት የተቀዳ ደም በመሣሪያው 8 ሰዓት ተብሎ ይወጣል። ሁለቱ ሳይለዩ ከተቀላቀሉ የክረምቱ ወባ የበጋ፣ የዘንድሮው የአምና ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የመመርመሪያ ዘዴ መቀየር ነው። ማይክሮስኮፕ በፈጣን መመርመሪያ ሲተካ ወይም የመመርመሪያው ዓይነት ሲለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። ለምሳሌ ፈጣን መመርመሪያው አንድ ሰው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ወባ እንዳለ ሊያሳይ ይችላል። የትኛው ዘዴ እንደተሠራበት ካልተመዘገበ በሽታው ጨመረ ወይስ መመርመሪያው ተቀየረ ለማለት አይቻልም።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ወደ ላቦራቶሪ የመጣው ማን እንደሆነ ነው። የኮቪድ ጊዜን ያስታውሱ። በየዕለቱ በሚሰጠው መግለጫ ስንት ሰው እንደተመረመረና በስንቱ ላይ ቫይረሱ እንደተገኘ አብሮ ይነገር ነበር። የተገኘባቸው ብቻ ቢነገር ትርጉም አይኖረውም ነበር። የላቦራቶሪ መዝገብም እንዲሁ ነው። እንበል በአንድ ወር 100 ሰው ተመርምሮ 40ው ወባ ተገኘበት። ከከተማው ሕዝብ 40 በመቶው ወባ አለበት ማለት ነው? አይደለም። የተመረመሩት ታመው የመጡት ናቸው። ያልታመመው አልመጣም፤ ታሞም መንገድ የራቀው፣ የመጓጓዣ ገንዘብ ያጣው፣ ወይም ከመድኃኒት መደብር ኪኒን ገዝቶ የዋጠው አልመጣም። «የለም» የተባሉት ውጤቶች ሳይጻፉ «አለ» የተባሉት ብቻ የተጻፉበት መዝገብ ደግሞ ከዚህም የባሰ ያሳስታል።

የትግራዩ ጥናት አጥኚዎች ሕሙማን ወደ ጤና ተቋም እስኪመጡ አልጠበቁም፤ በሁለቱም ዓይነት መንደሮች ያሉትን ሕፃናት እዚያው እየሄዱ ነበር የመረመሯቸው። በማንኩሽም የሐይቁን ተጽዕኖ ለማወቅ የአንድ ከተማ ላቦራቶሪ መረጃ ብቻውን አይበቃም። በተመሳሳይ ከፍታ ያለና ከሐይቁ የራቀ ወረዳ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። በእነዚሁ ዓመታት ሠራተኛ መጥቷል፣ ነዋሪ ተፈናቅሎ ተመልሷል፣ የዝናቡም መጠን ተለዋውጧል። የላቦራቶሪ መረጃ ትክክለኛውን ጥያቄ ለመጠየቅና የት መቆፈር እንዳለብን ለማወቅ የሚያገለግል መነሻ ነው። ከአቅሙ በላይ መናገር የለበትም።

ምስጢርዎ የማን ነው?

«ስሙ ከተሰረዘ ምስጢሩ ተጠበቀ» የሚለው አነጋገር በአዲስ አበባ ሊሠራ ይችላል፤ በትንሽ ከተማ ግን አይሠራም። በአንድ ቀበሌ የ34 ዓመት ሴት መምህርት ተብሎ ቢጻፍ ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቃታል። የወባ ውጤት ቢታወቅ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። የኤች አይ ቪ፣ የአባላዘር በሽታ ወይም የእርግዝና ምርመራ ውጤት ግን ትዳርና ሥራን ሊነካ ይችላል።

ስለዚህ ለምርምር የሚወጣ መረጃ ስም፣ ስልክና የካርድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሰውን የሚያስለይ ሌላ ዝርዝርም ሊቀነስለት ይገባል። ትክክለኛ ዕድሜ ሳይሆን የዕድሜ ክልል፣ ቀበሌ ሳይሆን ወረዳ፣ ቀን ሳይሆን ወር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ተመራማሪው የሚያገኘው ምስጢራዊ መለያ ቁጥር እንጂ የፋይዳ ቁጥር መሆን የለበትም። ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በሆስፒታሉ ተቆልፎ መቅረት አለበት።

ሕጉም አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይመድበዋል። ከዚህም ሌላ በሰው ላይ ወይም በሰው መረጃ ላይ የሚሠራ ምርምር አስቀድሞ በምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ታይቶ መጽደቅ ይኖርበታል። ማንነትን በማያሳይ ያለፈ መረጃ ላይ ለሚሠራ ጥናት ኮሚቴው የእያንዳንዱ ሰው ፈቃድ ሳይጠየቅ ሊፈቅድ ይችላል። ለጥናት ተብሎ ተጨማሪ ደም ሲቀዳ፣ ቃለ መጠይቅ ሲደረግ ወይም ማንነት የሚታወቅበት መረጃ ሲወሰድ ግን ፈቃድዎ ሊጠየቅ ይገባል። ለሕፃናት የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማብራሪያውም ሰውየው በሚገባው ቋንቋ መሆን አለበት። ለጉሙዝ እናት በማትሰማው ቋንቋ ተነቦላት ያስቀመጠችው አሻራ ፈቃድ ሊባል አይችልም።

አንዳንዶች «ይህን ያህል ጥንቃቄ ምርምሩን ያዘገያል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ያዘገያል። ነገር ግን ምስጢሩ የወጣበት ሰው ሁለተኛ አይመረመርም፤ ጎረቤቱንም «አትሂድ» ይላል። ያኔ የሚጎዳው ምርምሩ ብቻ ሳይሆን ሕክምናውም ነው።

እርስዎ ምን ያድርጉ?

ከዚህ በታች ያሉት ነጥቦች ለራስዎ ሕክምናም፣ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣውም ይጠቅማሉ።

1. በሄዱ ቁጥር ስምዎን፣ የአባትዎንና የአያትዎን ስም በተመሳሳይ አጻጻፍ ያስመዝግቡ። ካርድዎን ይዘው ይሂዱ። ጠፍቶብዎ ከሆነ አዲስ ከማውጣት ይልቅ የቀድሞው እንዲፈለግ ይጠይቁ።

2. በሌላ ሰው ካርድ በፍጹም አይመርመሩ። ለአንድ ቀን ገንዘብ ወይም ወረፋ ያድንልዎ ይሆናል፤ የእርስዎ ውጤት በእርሱ ታሪክ ውስጥ ገብቶ ሐኪሙን በሌላ ቀን ያሳስታል።

3. ከየት እንደመጡ በዝርዝር ይናገሩ። በአካባቢው ስንት ጊዜ እንደቆዩ፣ ባለፉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት የት እንዳደሩ ባይጠየቁም ይግለጹ።

4. ከምርመራው በፊት መድኃኒት ወስደው ከሆነ አይደብቁ። ከቤት የተረፈ ኮአርተም ወስዶ የመጣ ሰው ደሙ ውስጥ ተውሳኩ ላይታይ ይችላል። የሌላ ሰው ትርፍ ኪኒን መውሰድም ተገቢ አይደለም።

5. ትኩሳት ሲሰማዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመሩ። ውጤቱ «ወባ የለም» ቢልና ትኩሳቱ ካልለቀቀ ቤትዎ አይተኙ። ተመልሰው ይሂዱና በማይክሮስኮፕ እንዲታይልዎ ይጠይቁ። ሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል።

6. የውጤት ወረቀትዎን ይቀበሉ፣ ያስቀምጡ። ምርመራው የተደረገበት ቀን፣ የምርመራው ዓይነትና የመለኪያ አሃዱ መጻፉን ይመልከቱ።

7. ለጥናት ተጨማሪ ናሙና ሲጠየቁ ሳይከፉ ይጠይቁ፤ ጥናቱን የሚሠራው ማን ነው? ናሙናው ለምን ይውላል? ወደ ውጭ አገር ይሄዳል ወይ? ማንነቴ እንዴት ይጠበቃል? የሚጠቅመኝ ነገር ቢገኝ ትነግሩኛላችሁ ወይ? «አልፈልግም» ማለት መብትዎ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሕክምናዎ ሊቋረጥ አይገባም። አምነውበት «እሺ» ካሉም ቀላል የማይባል ውለታ ውለዋል።

የተቋማቱ ድርሻ

ሕዝቡ ድርሻውን ሲወጣ ተቋማቱም ሊወጡ ይገባል። በመጀመሪያ፣ ኮምፒዩተር ከመገዛቱ በፊት የድሮ መዝገቦች ይዳኑ። ደረቅ ክፍል፣ መደርደሪያና ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ለዚህ ሥራ መጀመሪያ ይበቃሉ። በተለይ ከ2012 ዓ.ም በፊት የነበሩ የጉባና የአጎራባች ወረዳዎች የወባ ምርመራ መዝገቦች ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል። የክልሉ ጤና ቢሮና አሶሳ ዩኒቨርሲቲ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊሠሩት የሚችሉት፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው ይከበር። ቆላ ድባ ላይ ጥናት የወጣው አንድ ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብሎ ያየውን በትክክል ስለጻፈ ነው። ረጅም ወረፋ ላለበት ባለሙያ «ለምርምር ብለህ አስር ተጨማሪ ሣጥን ሙላ» ማለት ተገቢ አይደለም። የሚጨመረው ጥቂትና አስፈላጊው ብቻ ይሁን፤ የምርመራ ዘዴው፣ የታካሚው መኖሪያና የቆይታ ጊዜው፣ ከዚህ በፊት የወሰደው መድኃኒት፣ «የለም» የተባለውም ውጤት። ጥናቱ ሲታተም የባለሙያው ስም ይጠቀስ፤ ሥልጠናም ያግኝ።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የተገኘው ነገር ወደ ሕዝቡ ይመለስ። ጥናት ተሠርቶ በውጭ መጽሔት ታትሞ ማንኩሽ ላይ የማይሰማ ከሆነ የጉባ ነዋሪ ደሙን ሰጥቶ ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቀበሌው ስብሰባ ላይ «በሐምሌና በነሐሴ የተመረመረ ይህን ያህል ነበር፣ የተገኘበት ይህን ያህል፣ ስለዚህ አጎበሩ ከሰኔ በፊት ይሰቀል» ብላ መናገር ስትችል መረጃው ሥራውን ሠራ እንላለን።

ውድ አንባቢ፣ ነገ ጠዋት ላቦራቶሪ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ስምዎ እስኪጠራ ሲጠብቁ፣ የሚሰጡት ጥቂት ጠብታ ደም ለእርስዎ መድኃኒት የሚያሳዝዝ ብቻ እንዳልሆነ ያስቡ። በትክክል ከተመዘገበና በአደራ ከተጠበቀ፣ በመጪው ክረምት ትኩሳት ለሚይዘው የማያውቁት ሕፃን መንገድ ያሳያል። በትክክል ያስመዝግቡ፤ አደራው መጠበቁንም ይጠይቁ።